ቭልታቫ የቼኮች ዜማ የሆነው እንዴት ነው?

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃና ብሔርተኝነት ሲነሳ የሚቀርበው ትረካ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሙዚቃ ደራሲው በገበሬው ዘንድ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረውን ዜማ ያገኛል፤ ለኦርኬስትራም ያቀናብረዋል፤ ሕዝቡ ያንን ሲሰማ ራሱን ያውቃል። ይህ ትረካ ያምራል፤ «ቭልታቫ» የተባለውን የኦርኬስትራ ሥራ የደረሰውን የቤድርዥክ ስሜታናን ሕይወት ግን አይገልጽም።

ስሜታና በ1824 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረችው ቦሔሚያ (የዛሬዋ ቼክ አካል)፣ በሊቶሚሽል ከተማ ተወለደ። የትምህርት ቤቱም ሆነ የከተሜው ቋንቋ ጀርመንኛ ስለነበር፣ በኋላ የቼክ ብሔራዊ ሙዚቃ አባት ለመባል የበቃው ይህ ሰው የግል ማስታወሻውን እንኳ ለረጅም ዓመታት የጻፈው በጀርመንኛ ነው። በ1860፣ ስዊድን ውስጥ በጎተንበርግ ሲኖር፣ በቼክኛ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ለፊደልና ለሰዋስው ግድፈቱ ይቅርታ ጠይቋል። ዕድሜው ያኔ 36 ነበር።

ወደ ፕራግ የመለሰው የዜማ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ኦስትሪያ በ1859 በጣሊያን ምድር በተደረገው ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ የቪየና ቤተ መንግሥት ጨቋኝ አገዛዙን ለማላላት ተገደደ፤ ለቼኮችም በቋንቋቸው ቴአትር የሚያሳዩበት ዕድል ተከፈተ። በ1862 ጊዜያዊው ቴአትር ቤት ተከፈተ፤ ስሜታና ከ1866 ጀምሮ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ፤ በ1868 ደግሞ የቋሚው ብሔራዊ ቴአትር የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሕንፃው በ1881 በስሜታና ኦፔራ በ«ሊቡሼ» ተመርቆ ሁለት ወር ገደማ እንደቆየ በእሳት ወደመ። ለማሠሪያ የሚሆነው ገንዘብ በ47 ቀናት ውስጥ ከሕዝብ መዋጮ ተሰበሰበና በ1883 እንደገና ተከፈተ። ብሔራዊ ሙዚቃ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፦ በመድረክ፣ በደመወዝ፣ በመዋጮና ቲኬት በሚቆርጥ ተመልካች።

በዘመኑ የነበሩ ተቺዎች ስሜታናን የጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ የሪቻርድ ቫግነር ተከታይ ነው እያሉ ሲወቅሱት፣ ኦፔራው የሕዝብ ዘፈኖችን እየለጠፈ እንዲሠራም ይፈልጉ ነበር። እሱ እምቢ አለ፤ የሕዝብ ዘፈንን የዜማ አካሄድና ምት መቅዳት ብሔራዊ ስልት አይፈጥርም ብሎ ያምን ነበር። ልክ ነበር እላለሁ። በ1866 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና የቼክ ገጠር ሕይወት ምስል ተደርጎ የሚቆጠረው «የተሸጠችው ሙሽራ» የተባለው ኦፔራ የሚጨፍርበት ፖልካ የተባለው ጭፈራ ራሱ ጥንታዊ ባህል ሳይሆን ከ1830ዎቹ ወዲህ በየአዳራሹ የተስፋፋ ፋሽን ነበር።

በጣም የሚገርመው፣ «አገሬ» ከተባለው የስሜታና የኦርኬስትራ ሥራዎች ዑደት ሁለተኛው ክፍል የሆነውና በፕራግ የሚያልፈውን ወንዝ በሙዚቃ የሚስለው «ቭልታቫ» ነው። ስሜታና ይህን ሥራ የጻፈው በ1874 መጨረሻ፣ የመስማት ኃይሉን ባጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ነበር። ዋናው ዜማ ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ «ላ ማንቶቫና» ተብሎ የታወቀውና ዘመዶቹ ከስዊድን እስከ ሞልዳቪያ የሚሰሙ የአንድ ዜማ ቤተሰብ ነው። የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙር «ሃቲክቫ» ዜማውን የወሰደው ከዚያው ከሞልዳቪያ ወገን ስለሆነ፣ እስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «ቭልታቫ»ን ድንገት ቢሰማና ለመቆም ቢቃጣው አይፈረድበትም። ታዲያ ቼክ ያደረገው ምንድን ነው? ከሁለት ምንጭ ተነስቶ፣ የገበሬ ሠርግ አልፎ፣ የቅዱስ ዮሐንስን ፏፏቴ ተሻግሮ የሚፈስሰው ወንዝ በመጨረሻ በጥንት ገዢዎች መቀመጫ በቪሼህራድ ሥር ሲያልፍ፣ የዑደቱ የመጀመሪያ ክፍል ዜማ ተመልሶ ይመጣል። አድማጩ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ አወቃቀር ነው።

ይህን ሐሳብ የሚፈታተን ማስረጃም አለ። «ታቦር» እና «ብላኒክ» የተባሉት የዑደቱ የመጨረሻ ክፍሎች የተመሠረቱት በእውነተኛ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የሁሳውያን (የቼኩ የሃይማኖት ተሐድሶ አራማጅ የያን ሁስ ተከታዮች) መዝሙር ላይ ነው። ሆኖም ሁሳውያንን የቼክ ታሪክ እምብርት ያደረገው የታሪክ ጸሐፊው ፓላትስኪ ብዕር ስለሆነ፣ መዝሙሩ ያን ያህል ኃይል ያገኘው በተማሩ ሰዎች ሥራ ጭምር ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ቫግነር በ1850 በብዕር ስም ባሳተመው፣ በ1869 ደግሞ በራሱ ስም ባወጣው ጽሑፍ፣ አይሁዶች የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ እንደ ባዕድ ስለሚናገሩ እውነተኛ ሙዚቃ ሊወጣቸው አይችልም ብሎ ተከራክሯል። ሙዚቃ ከደምና ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ብቻ ይፈልቃል የሚለውን እምነት እስከ ጫፉ ብንከተለው የሚያደርሰን እዚያ ነው፤ በዚያ ሚዛን ቼክኛን በጎልማሳነቱ ያጠናው ስሜታናም፣ በስዊድንኛ ተናጋሪ ቤት ያደገው ፊንላንዳዊው ዣን ሲቤሊየስም ከብሔራቸው መድረክ ይባረራሉ።

ሲቤሊየስ «ፊንላንዲያ»ን በ1899 የጻፈው አገሩ በሩሲያ ዛር ሥር ሳለች ነው። በ1967 ከናይጄሪያ መገንጠሏን ያወጀችው ቢያፍራ ብሔራዊ መዝሙር ሲያስፈልጋት፣ ዜማውን ከዚሁ ከ«ፊንላንዲያ» ወሰደች።