ባሕር የሌለው ባሕረኛ ጉራ ይፈቀድለታል ወይ?

ተከራካሪዎቹ አንድ የቀድሞ እግረኛና አንድ የቀድሞ ባሕረኛ ናቸው። ሁለቱም በ1983 ዓ.ም መለዮ አውልቀዋል፤ ተረቡን ግን አላወለቁም።

እግረኛው፦ አይፈቀድለትም! ባሕር ኃይልን አልጠላም፣ አትሳሳቱ። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ቆብ፣ ነጭ ጫማ፤ ከሩቅ ሲታይ ሙሽራ እንጂ ወታደር አይመስልም። እኛ ኮቾሮ ስንቆረጥም እነሱ ምጽዋ ላይ ዓሣ በሎሚ ይበሉ ነበር። ይሁን፣ ያኔስ ባሕር ነበራቸው። ይሄ ወዳጄ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ስለ ማዕበል ነው የሚያወራው፣ ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን የዕጣኑ ጭስ ወደኛ ዞር ሲል እንኳ «ነፋሱ ተቀይሯል» ብሎ ወንበሩን ያዞራል። ደሞ መኮንኖቻቸው የት እንደተማሩ ታውቃላችሁ? አስመራ! የባሕር ኃይል ኮሌጅ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ!

ባሕረኛው፦ ከአስመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ቁልቁለት። ለእግረኛ ካልሆነ በቀር ሩቅ አይደለም። ነጩ ልብስ ደሞ ያስቀናሃል፣ አውቃለሁ። ነጭ የሚለብስ ሰው መታጠብ አለበት። እናንተ ምሽግ ውስጥ ቅማሉ እንኳ ማዕረግ ነበረው። ለመሆኑ እነዚያ የምትኮራባቸው ቃኘው ሻለቆች በ1943 ኮሪያ በምን ሄዱ? በእግራቸው? ከጅቡቲ መርከብ ተሳፍረው ሦስት ሳምንት ገደማ ውሃ ላይ ነበሩ። የደጋ ልጅ መርከብ ላይ ምን እንደሚሆን እኔ አልናገርም፣ ባልዲው ይናገር።

እግረኛው፦ መርከቡ የአሜሪካ ነው! የናንተ ባሕር ኃይል ያኔ መች ተወለደና? ደግሞስ ከመርከብ ወርደው ምን ሠሩ? ተዋጉ፣ አንድ ሰው ሳይማረክባቸው ተመለሱ። የናንተ ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ግን በ1983 የመን ገባች፣ በዚያው ቀረች። እኔ ከግንባር ቤቴ በእግሬ ገባሁ። ስንት ጫማ እንደጨረስኩ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው፣ ግን ገባሁ። በ2010 ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው ሲባል ይሄ ሰውዬ በሌሊት ደውሎ ቀሰቀሰኝ። «የት ሊሆን ነው?» አልኩት። «እሱ ዝርዝር ነገር ነው» አለኝ። ባሕሩ ዝርዝር ነገር ሆነ!

ባሕረኛው፦ መርከቧን አታንሳብኝ። በሌላው እንጫወት፣ በሷ አይሆንም።

ባሕሩ ዝርዝር ነገር መሆኑን ማወቅ ከፈለግህ ቦሊቪያን ጠይቅ። ባሕሯን ካጣች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባሕር ኃይሏ ግን ቲቲካካ ሐይቅ ላይ አለ፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ደግሞ የባሕር ቀን ያከብራሉ። እኛስ ጣና አለን አይደል? ደሞ ዝም ብለህ እኔን ትነዘንዛለህ እንጂ፣ ሲዋጋ ውሎ ማታ ደብረ ዘይት አልጋው ላይ የሚተኛው ማን ነበር? አየር ኃይል! እሱን ምነው አትነካውም?

እግረኛው፦ እሱን ብነካው ማን ያነሳኛል? ስንቆስል የሚመጣልን ሄሊኮፕተር የነሱ ነበር። እሺ፣ ጣና ላይ ስትጀምሩ ጥራኝ፣ ልይላችሁ።

ባሕረኛው፦ እጠራሃለሁ። ባልዲህን ይዘህ ና።