ይድረስ ለክቡር ሞንታርቦ

ለክቡር ሞንታርቦ
ባጃጅ ጣራ ላይ
ደሴ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጆሮዬ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የምጽፍልህ ሰኞ ለዋልክልኝ ውለታ ላመሰግንህ ነው። ታስታውስ እንደሆነ (ሥራህ ማስታወቅ እንጂ ማስታወስ እንዳልሆነ አውቃለሁ) መጽሐፌ የሚመረቅበት ቀን ነበር። አንዲት ባነር ልሰቅል ሦስት ቢሮ ዞርኩ። ማመልከቻ፣ ኮፒ፣ ማኅተም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። ሲታክተኝ ወዳንተ መጣሁ። ባለባጃጁ «አብሽር ጋሼ፣ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ያልሰማ ጆሮ አይኖርም» አለኝ። ቃሉን ጠብቋል። የዚያን ቀን ሌላም ደንበኛ እንዳለው ነው ያልነገረኝ።

ፒያሳ፣ ካፌው በረንዳ ላይ መጻሕፍቴን ደርድሬ ቆሜያለሁ። ከሩቅ መጣህ።

«አይጥ፣ በረሮ፣ ትኋን፣ ቁንጫ! ሽታ የለው፣ ጣጣ የለው! አንዴ የቀመሰ አይነሳም!» ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠልክ፤ «አዲስ የአጭር ልቦለድ መድበል! የአሥር ዓመት ድካም ውጤት! ደራሲው ራሱ ፒያሳ ቆሞ ይሸጣል!»

ሰው መጣ፤ አልዋሽም። መጀመሪያ የደረሱት ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት ናቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ስንት ነው?»

«400 ብር፣ እማማ።»

መጽሐፉን አገላበጡት። ከዚያ በጀርባው ይዘው ቁልቁል አራገፉት። የወደቀ ነገር የለም።

«መድኃኒቱስ?»

«መጽሐፍ ነው፣ እማማ።»

«እሱንማ አየሁ። መመሪያው ይሄን ያህል ከወፈረ፣ አንብቤ ስጨርስ አይጡ በርጅና ይሞት የለም እንዴ!»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ለክብር እንግድነት የጠራኋቸው የድሮ መምህሬ ፊታቸውን በማኪያቶ ብርጭቆ ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ ብርጭቆው አልበቃቸውም።

ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ያሉት ድሃውንም ባለጸጋውንም አንድ ግብር ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው ይባላል። አንተ ደግሞ ልቦለድና የአይጥ መርዝ አንድ ገበታ አቀረብክ። ለባቲና ለአምባሰል ቅኝት ስም ያወጣ አገር ውስጥ፣ ያንተ ቅኝት ማን ይባላል?

ስምህስ ከጣልያን ነው አሉ። ጣልያንን በ1933 ዓ.ም. ሸኝተነው አልነበር? በየት በር ተመለስክ?

ቀልዱን ልተወውና፣ እኔ ለአንድ ጨርቅ ሦስት ቢሮ ስንከራተት አንተን ማን ፈቃድ ጠየቀህ? ጎረቤቴ አራስ ናት። ያስተኛችውን ሕፃን በቀን አምስት ጊዜ ትቀሰቅስባታለህ። በመስኮት ብቅ ብላ ስትለምንህ አይቻለሁ፤ ያንን ልመና ከራስህ ጩኸት በላይ መስማት አትችልም። የሷ እንቅልፍ ላንተ ምንህ ነው? እኔም ብሆን ያን ቀን ከፍዬ ነው የቀሰቀስኳት። ይሄ ከአይጥ መርዙ በላይ ያንገበግበኛል።

እስከ ማታ ሦስት ኮፒ ተሸጠ። ሁለቱን አክስቶቼ ገዙ። ሦስተኛውን የገዛው መድኃኒት ነጋዴው ነው። «ጋሼ፣ ባንተ ምክንያት ዕቃዬ አለቀልኝ» ብሎ 500 ብር ሰጠኝና መልስ አልቀበልም አለ።

ትናንት መንገድ ላይ አስቆመኝ። ሁለተኛውን መጽሐፍ መቼ እንደማወጣ ጠየቀኝ፤ የባጃጁን ኪራይ ለሁለት እንክፈል ነው የሚለው።

እስካሁን እምቢ አላልኩትም።

አንተው ያስጠራኸው፣
ደራሲው