ነጋዴ እንዲህ አይከስርም

ሰሞኑን አንድ ሰባኪ የአሜሪካውን ክርስቲያን የሮክ ባንድ የስትራይፐርን ድምፃዊ ማይክል ስዊትን አንስቶ፣ የክርስቶስን ስም ሄቪ ሜታል በሚባለው ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ ላይ መለጠፍ ገበያ ፍለጋ ነው ሲል ሰማሁት። ማስረጃው ደግሞ የ1986ቱ አልበም ርዕስ ላይ የዲያብሎስ ስም መኖሩ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድ ነው! አልበሙ እኮ «ቱ ሄል ዊዝ ዘ ዴቭል» ነው የሚባለው፤ ዲያብሎስ ገሃነም ይግባ እንደማለት። የመጀመሪያው ሽፋን ላይም መላእክት ዲያብሎስን ወደ እሳት ሲወረውሩት ነበር የሚታየው። እርግማንና ምስጋና ለተምታታበት ሰው ምን ይባላል? የዲያብሎስን ስም የጠራ ሁሉ የእሱ ከሆነ ወንጌላውያኑም አያመልጡም።

ደሜን ያፈላው ግን «ገበያ» የሚለው ነው። በ1980ዎቹ የሎስ አንጀለስ ሮክ መጠጥና ሴት ሲሸጥ፣ ይህ ሰው ከመድረክ ላይ አዲስ ኪዳን ይወረውር ነበር። ኢሳይያስ 53፥5ን አርማው ላይ ጽፎ ነው የወጣው። ሮከሩ ሳቀበት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው አወገዘው። ትርፍ ፈላጊ ከሁለት ወገን ዱላ የሚቀምስበትን ሱቅ ይከፍታል? ደግሞም ገበያው በሌላ በኩል ነው ብለው ሞክረውታል፤ በ1990 የሚታወቁበትን ቢጫና ጥቁር ልብስ ጣሉ፣ ግጥሙንም ከስብከት አራቁት፤ አልበሙ እንደቀደሙት አልተሸጠም። ስዊት በ1992 ባንዱን ለቀቀ። ከዚያ የት ተገኘ? ማሳቹሴትስ፣ የሚስቱ ቤተሰቦች የክራንቤሪ እርሻ ላይ! በ2003 ከጓደኞቹ ጋር ተመለሰ። በ2008 ቦስተን ከተባለው ትልቅ ባንድ ጋር እየዞረ ዘፈነ፤ የመጀመሪያ አልበሙ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ባንድ ነው። በ2011 እሱንም ትቶ ወደ ስትራይፐር አዘነበለ። በ2018 ደግሞ እግዚአብሔር ክፋትን እንዲኮንን የሚለምን ርዕስ ያለው አልበም ቢያወጡ፣ ትልቁ የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት ዋልማርት ርዕሱን እንደ ስድብ ቆጥሮ አልሸጥም አለ። እንዲህ ያለ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

የተነፋፋው ጸጉር ትርኢት ነበር፣ ይሁን። ትርኢት ያልነካው ሰባኪ ካለ ግን እሱ ይውቀሰው።

ይህ ክስ አዲስም አይደለም። ያኔ የቴሌቪዥን ሰባኪው ጂሚ ስዋጋርት፣ ስትራይፐሮች መጽሐፍ ቅዱስ መወርወራቸው ዕንቁን በእርያዎች ፊት መጣል ነው ብሎ ነበር። እርያ የተባለው እንግዲህ ቲኬት ገዝቶ አዳራሽ የገባው ወጣት ነው። ስዊት ራሱ ያመነው በ12 ዓመቱ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን እያየ ነው። ሲሰብክ ያየው ሰው ደግሞ ማን ሆነና? ያው ስዋጋርት።