ሞት የተፈረደበት አይሞትም፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ይመለሳል

አክስቴ የባሏን ገዳይ ዳግመኛ ያየችው ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ነው። ማሽላ ልትሸጥ ወርዳ ነበር። ሰውዬው ከአፋር ፍየል ነጋዴዎች ጋር ዋጋ ሲከራከር አየችው። ሸብቷል፣ ትከሻው ጎብጧል። ግን አወቀችው። ማሽላዋን እዚያው ጥላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

«ዕድሜ ልክ ነው ብለውኝ ነበር» አለችኝ። «ዕድሜ ልክ ማለት እስኪሞት ድረስ አይደለም እንዴ ልጄ?»

አይደለም። በሕጋችን ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የድሮውም ሕግ እንዲሁ ነበር፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 202 ይህንኑ ይላል። ሰውዬው 20 ዓመቱን ጨርሶ፣ ጸባዩ ተመስክሮለት በሕጋዊ መንገድ ነው የወጣው። አላመለጠም፣ ጉቦም አልሰጠም። ችግሩ ሌላ ነው። ይህንን ለአክስቴ የነገራት አንድም ሰው የለም። ሲፈረድበትም አልነገሯት፣ ሲፈታም አልነገሯት።

ይህን የማነሳው ሰሞኑን በየቡና ቤቱም በየስልኩም አንድ ክርክር ስለማላጣ ነው። ዘግናኝ ግድያ በተሰማ ቁጥር ደሴ ላይ ሰው ሁሉ «ይሰቀል!» ይላል። ሕፃን ተደፍራ ተገደለች ሲባል፣ ሹፌር መንገድ ላይ ታረደ ሲባል፣ «ዕድሜ ልክማ ምን ቅጣት ነው፣ የመንግሥት እንጀራ እየበላ ይኖራል» ይባላል። ንዴቱ ይገባኛል። በቤታችን ያለፈ ነገር ነው። አጎቴ የሞተው ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ ሊያድር በወጣበት ሌሊት ነው። በድንበር ተጣልተው የነበረ ጎረቤት አድብቶ ገደለው። ያኔ የአክስቴ ወንድም ለቅሶው ላይ ቆሞ «ገመድ ካላየሁ ጠጉሬን አልላጭም» ብሎ ማለ። ማንም «ተው» አላለውም።

እኔ ግን ዛሬ የሞት ቅጣት ይቅር የምል ሰው ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ አገራችን ሞት ትፈርዳለች እንጂ አትገድልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ካልሆነ በቀር ማንም ሕይወቱን አያጣም ይላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 539 ለከባድ የሰው ግድያ ሁለት አማራጭ ያስቀምጣል፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። የሞት ፍርዱ ደግሞ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ክረምት ነው። የደኅንነቱ ኃላፊ የነበሩትን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው መኮንን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳኞች ሞት ሲፈርዱ ቆይተዋል፤ ፍርደኞቹ ግን እስር ቤት ተቀምጠው ነው ዓመቱ የሚያልፈው።

ስለዚህ የሟች ቤተሰብ ችሎት ላይ «ሞት» የሚል ቃል ይሰማል። እልል ይላል፣ ያለቅሳል፣ ደሙ ተመለሰ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ይጠብቃል። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። ምንም አይሰማም። ይህ ለእኔ በሐዘንተኛ ላይ የሚጨመር ሌላ ሐዘን ነው።

ትልቁን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥቱ ኃይለማርያምና በባልደረቦቻቸው ላይ ሞት ፈረደ። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት፣ የሃይማኖት አባቶች ከለመኑ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ቀየሩት። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ፤ ከ1983 ጀምሮ ሲቆጠር 20 ዓመታቸውን ጨርሰው ነበር። ከሞት ፍርድ እስከ ቤት መግባት ጥቂት ዓመታት ብቻ። ልጁ በቀይ ሽብር የተገደለበት የደሴ አባት ይህንን ሲሰማ ምን ይበል? መፈታታቸው ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም። «ሞት» ተብሎ የተነገረው ቃል ግን መጀመሪያውኑ ያልተፈለገ ቃል ነበር።

«እንግዲያው ይፈጸም!» የሚል አለ። ሞት ከተፈረደ ይሙት፣ አለቀ። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ የሐቀኛ ፍርድ ጥማት ነው የሚያናግራቸው። ግን የእኛን አገር ገጠር አስቡት።

በእኛ አገር ሰው የገደለ መጀመሪያ የሚያደርገው መሮጥ ነው። ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ጫካ ይገባል። የአጎቴ ገዳይ ወደ አፋር ወርዶ ነበር። ማን መለሰው? ፖሊስ አይደለም። የገዛ ወገኖቹ ሽማግሌ ልከው «እጅህን ስጥ፣ በሕግ ተዳኝ፣ ቤትህን አታስፈጅ» ብለው መለሱት። በዚያ ጫፍ ላይ ገመድ ቢኖር ሽማግሌው ምን ብሎ ያግባባው ነበር? ገዳዩም መሣሪያውን ይዞ እዚያው ይቀር ነበር። የእኛም ልጆች እሱን ፍለጋ ይወርዱ ነበር። ደም በደም ላይ እየተደረበ የቤተሰብ ቤት እንዴት እንደሚዘጋ የወሎ ሰው አይነገረውም።

ቅጣቱ ያስፈራል፣ ሌላው ይማርበታል የሚለውም አያሳምነኝም። በሌሊት በድንበር ንዴት የሚያደባ ሰው አንቀጽ ቆጥሮ አይወጣም። የሚያስፈራው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን መያዙ ነው። እያንዳንዱ ገዳይ እንደሚያዝ ሰው ቢያምን ብዙ ጦር ከግድግዳ ባልወረደ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ምስክሩ ነው። ገጠር ወረዳ ላይ አብዛኛው የግድያ ክስ የሚቆመው በሰው ቃል ነው። ካሜራ የለም። የደም ምርመራ የሚያደርግ ላቦራቶሪ ሩቅ ነው። ያለው ዓይን ምስክር ነው፤ ዓይን ምስክሩም ከአንዱ ወገን ነው። ሁለት ጎሣ ደም ከተቃባ በኋላ «እሱ ሲተኩስ አይቻለሁ» ለማለት ማየት የማያስፈልገው ሰው አይጠፋም። ሁላችንም እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምተናል። በዚያ ላይ በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ የተዘረፈውን የመንግሥት ቢሮ ቁጠሩት። ስንት መዝገብ ተቃጠለ፣ ስንት ፋይል ሜዳ ላይ ተበተነ። መዝገቡ የጠፋበት እስረኛ ቢያንስ በሕይወት አለ። አፉን ከፍቶ «እኔ አይደለሁም» ሊል ይችላል። የሞተ ሰው ይግባኝ አይልም።

የሠለጠነ ምርመራ አለን የሚሉትም ይሳሳታሉ። ጃፓን ውስጥ ኢዋኦ ሃካማዳ የሚባል ሰው በእኤአ 1968 ሞት ተፈረደበት። ከ45 ዓመት በላይ ገመዱን ሲጠብቅ ኖረ። በእኤአ 2014 ተለቀቀ። በ2024 ፍርድ ቤቱ ነፃ ነህ አለው፤ ማስረጃው ሰው ሠራሽ ነበር። ያኔ የ88 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ነበር። አሜሪካም ከእኤአ 1973 ወዲህ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ነፃ የተባሉ ሰዎች ከ190 በላይ ናቸው። እነዚያ አገሮች ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ የእኛን የወረዳ ችሎት አስቡት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ለወሎ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም መናገር እፈልጋለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ ከሕግ የሞት ቅጣት ጋር አንድ አይደለም። ግን የሞትን አንድ ጠባይ ያሳያል። በዚያን ጊዜ የወሎን ረሃብ ጉዳይ የሚያጣራ የምርመራ ኮሚሽን ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድ እስር ላይ ሆነው ለኮሚሽኑ ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጥተው ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ተረሸኑ። በጊዜው ብዙ ሰው ደስ አለው። አያቶቻችን መንገድ ዳር የወደቁበት ረሃብ ነውና ደስታው አያስገርምም። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬም የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። ማን ያውቅ ነበር? መቼ አወቀ? ለምን ዝም አለ? መልሱን የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት አፈር ገቡ። ቢኖሩ ኖሮ ይጠየቁ ነበር፤ ዓመት ሙሉ፣ በየችሎቱ፣ የወሎ ገበሬ ፊት ለፊት ቆሞ።

ሞት እውነቱን ይዞ ነው የሚሄደው። በእኛ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ በሰሜን ወሎ በኩል አበጋር ይሏቸዋል። ሼሁም ቄሱም አብሮ ይቀመጣል። ጉማው፣ ማለትም የደም ካሳው፣ ከመከፈሉ በፊት፣ መሐላው ከመማሉ በፊት የሚፈለገው አንድ ነገር ነው። ገዳዩ ያደረገውን ያምናል። «ገደልኩ» ይላል፣ እንዴት እንደገደለ ይናገራል። ያለ እሱ ደም አይደርቅም። ቁርአኑም ቂሳስን፣ ማለትም ነፍስ በነፍስ የሚለውን ፍርድ፣ ባዘዘበት ቦታ የሟች ወገን ይቅር ሊል እንደሚችል ይናገራል። የሟችን ወገን የሚጠይቅ ሥርዓት ነው። መንግሥት ግን ሲገድልም ሲፈታም አይጠይቀንም።

«ዕድሜ ልክ ይብቃ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለበት። እኔ የማልደግፈው የዛሬውን ዓይነት ዕድሜ ልክ ነው። ዳኛው ሲፈርድ ለሟች ቤተሰብ በግልጽ ይንገር፤ «ይህ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል» ይበል። አመክሮ ሲጠየቅ ቤተሰቡ ይጠራ፣ ቃሉም ይሰማ። ሕጉ ራሱ እስረኛው የሚችለውን ያህል በደሉን መካሱን ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ ታዲያ መካሱን የተካሰው ሰው ሳይጠየቅ ማን ያውቃል? በአዲስ ዓመት ይቅርታ ተደረገ ሲባልም ስማቸውን ከሬዲዮ ከመስማታችን በፊት ለተበደለው ቤት አንድ ሰው ይላክ። ሽምግልናው ሰውዬው ከመውጣቱ በፊት ይጀመር። እኛ ቤት የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ገበያ ላይ ተገናኙ፣ ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። በመካከሉ የአጎቴ ልጅ ጠመንጃ ተውሶ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሯል። አላህ ጠብቆ ሰውዬው በዚያ አላለፈም።

ፈጽሞ የማይለወጡ፣ ቢወጡ ደግመው የሚገድሉ ሰዎች አሉ። እነሱ አይውጡ። አመክሮ «ሊፈታ ይችላል» እንጂ «ይፈታል» አይልም። ስለ እንጀራውም፣ እስር ቤት ደጅ ስንቅ ይዛ የምትሰለፈውን እናት ያየ ሰው «በመንግሥት እንጀራ ተንደላቀቀ» አይልም።

ሩዋንዳ ያን ሁሉ እልቂት አይታ የሞት ቅጣትን በእኤአ 2007 አስቀርታለች። መንግሥቱ ኃይለማርያም የተጠለሉባት ዚምባብዌም በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሰርዛዋለች። እኛ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ያልተጠቀምንበትን ቅጣት ከሕጉ ብናወጣው የሚጎድልብን የለም።

የእኛ ቤት ዕርቅ የተደረገው አክስቴ ገዳዩን ገበያ ላይ ባየችበት ዓመት ጥር ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በሁለቱ ወገን መካከል ቁጭ አሉ። ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ገመድ ካላየሁ ያለው የአክስቴ ወንድም ከመጨረሻው ረድፍ ቆሟል፤ ጠጉሩን ከተላጨ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አክስቴ ስለ ጉማው አንድም ቃል አልተናገረችም። ስትናገር ሰውዬውን አላየችውም፣ መሬት መሬቱን ነው ያየችው።

«ውሃ ጠይቆ ነበር?» አለችው።

ሰውዬው ብዙ ቆየ። ሽማግሌው «ተናገር» አሉት።

«አልጠየቀም» አለ። «የጠራው አንቺን ነው። ስምሽን ጠራ።»

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ቀን ማታ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።