የሌሊቱን ዋጋ ብቻ አትዩ

ቤት በኢንተርኔት ስለሚከራይበት ስለ ኤርቢኤንቢ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ለአጭር ጊዜ ቤት መከራየት ምንጊዜም ከሆቴል ይረክሳል» ይላል። «ምንጊዜም» በሚለው አልስማማም። የጽዳት ክፍያ አንድ ሌሊት አደራችሁም ሳምንት ቆያችሁም የሚጠየቀው አንዴ ነው። ሳምንት ለሚቀመጥ ቤተሰብ ሲካፈል ቀላል ነው፤ አንድ ሌሊት አድሮ ለሚሄድ ብቸኛ መንገደኛ ግን ሒሳቡን ከሆቴል በላይ ሊያወጣው ይችላል። የአገልግሎት ክፍያና ግብርም ይጨመርበታል። ስለዚህ አጠቃላይ ድምሩን ሳታዩ አትክፈሉ።

ለእኛ ሰው ትልቁ ጥቅም ወጥ ቤቱ ነው። በጾም ወቅት በየምግብ ቤቱ «ቅቤ አለበት ወይ?» እያሉ ከመጨነቅ ሽሮና በርበሬ ይዞ ሄዶ አብስሎ መብላት እንዴት ያሳርፋል! ወጪውም በእጅጉ ይቀንሳል።

ኒውዮርክ የምትሄዱ ግን ጠንቀቅ በሉ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አፓርታማውን ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው በከተማው አስተዳደር መመዝገብ፣ እንግዳ ሲያሳድርም ራሱ እዚያው መኖር አለበት። ከሁለት እንግዳ በላይም መቀበል አይችልም። አራት አምስት ሆናችሁ «ሙሉ አፓርታማ፣ በርካሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ። ባርሴሎናም የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እስከ 2028 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለማስቀረት አቅዳለች። ለተጓዥ ባይመችም ከተሞቹ እውነት አላቸው ባይ ነኝ፤ ቤት በቱሪስት ሲያዝ ኪራይ የሚወደደው በነዋሪው ላይ ነው።

ደግሞ አከራዩ «ገንዘቡን ከኤርቢኤንቢ ውጭ በቀጥታ ላኩልኝ» ካላችሁ በፍጹም እንዳትልኩ።