የጋራ ኮምፖስት በኮንዶሚኒየም ግቢ፦ ይሁን ወይስ ይቅር?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «እያንዳንዱ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ የወጥ ቤት ትራፊውን ለይቶ በጋራ ኮምፖስት (ከበሰበሰ ትራፊ የሚገኝ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ያዘጋጅ።» ሁለቱም ተከራካሪዎች የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ናቸው።

ደጋፊ

ከቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ይህን ከዳይፐርና ከፕላስቲክ ጋር በአንድ ፌስታል ቋጥረን ረጲ ወዳለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ፣ እንልካለን። እዚያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ነገር ግን እርጥብ ልጣጭ መቼ በቀላሉ ይነዳል? አየር አጥቶ ሲቀበር ደግሞ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ከብሎኩ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ አየር እያገኘ ቢበሰብስ በጥቂት ወራት ለአትክልት የሚሆን አፈር ይወጣዋል።

ተቃዋሚ

እህቴ፣ ልጣጭ አፈር እንደሚሆን የካደ የለም። እኔ ግን የምኖረው ግራውንድ ላይ ነው፤ «ባዶ ቦታ» ያሉትም ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ኮምፖስት ማድነቅ አይከብድም። (ሊፍት ስለሌለን እነሱም የራሳቸው ፍዳ አለባቸው፤ እሱን አልክድም።)

በጾም ነገሩ ቀላል ነው። ፋሲካ ሲደርስስ? የዶሮ ላባና የበግ አንጀት በአንድ ሌሊት ይከመራል፤ ውሻና አይጥ ይከተላል፤ ከተማው ዳር ላሉት ደግሞ ጅብ አለ። ከሁሉም በላይ ክምሩ አየር እንዲያገኝ ማን ያገላብጠዋል? የደረጃ መብራት ሲቃጠል አምፖል የሚገዛ ጠፍቶ ሳምንት በጨለማ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ነን! የጽዳቱንም ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር እየከፈልን ነው።

ደጋፊ

ሽታው የሚመጣው ክምሩ ሲረጥብና አየር ሲያጣ ነው። መድኃኒቱ ደረቅ ነገር ነው። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ያህል ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን ወይም የበዓሉ ቄጠማ ከደረቀ በኋላ። ከእንጨት ቤት የሚመጣ ሰጋቱራም ይሆናል፣ እሱ ግን ትንሽ ትንሽ ይበቃዋል። ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል ሆኖ በደንብ የተደባለቀ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በአካፋ ሲገለበጥ እንፋሎቱ ፊትን ይመታል፤ በእጅ ሲጨበጥ ሊጨመቅ የደረሰ እርጥበት ይኖረዋል፣ ውሃ ግን አያንጠባጥብም። ሥጋ፣ አጥንት፣ ላባ አይገባም፤ በበዓል ሳምንት ክምሩ ያለበት ሣጥን ክዳን ይቆለፋል። ማገላበጡን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ወጣቶች እንስጥ።

ተቃዋሚ

በነጻ? የሚከፈላቸው በሚያስረክቡት መጠን ከሆነ እኮ ልጣጩን ስንቀንስ እንጀራቸውንም እየቀነስን ነው። ስለዚህ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አምጡ።

እኔ ብሆን ከመሥሪያ ቤት ካፌዎች እጀምር ነበር። አንድ ወጥ ቤት ጠዋት ሽንኩርት ሲከትፍ የሚወጣው ልጣጭ ንጹሕ ነው፤ ፕላስቲክ የሚቀላቅልበት ልጅ የለም። ግቢው አትክልተኛ አለው፣ አፈሩም እዚያው ለአበባው ይውላል። ሲሸት የሚጠየቅ ኃላፊም አለ። እኛ ግቢ ሲሸት የሚጠየቀው ማን ነው?

ደጋፊ

ካፌው ይጀምር፤ እሰየው። እኛም ግን እስኪሳካላቸው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። አንድ ብሎክ ብቻ በዐቢይ ጾም ይጀምር፤ 55 ቀን ሥጋ ከቤት አይወጣም፣ ልጣጩ በሽበሽ ነው። ለአገላባጩ የሚከፈለውን ከግቢው መዋጮ ላይ ኮሚቴው ይመድብ። ሣጥኑ ከእርስዎ መስኮት ርቆ ከጥበቃው ቤት ጀርባ ይቀመጥ።

ተቃዋሚ

በጽሑፍ ይሁን፤ የክዳኑ ቁልፍ እኔ ጋ ይሆናል። ደረቁ ነገር ባለቀ ዕለትም ልጣጭ አልቀበልም።