የመመለሻዋን ቀን አሰልጣኝ አይቁረጥ

የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ ተጫዋች እንዴት እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ሐኪም ሳይፈቅድ ሜዳ አይገባም። መጀመሪያ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ቆይቶ ኳስ ይነካል፣ ግጥሚያ በመጨረሻ ነው። በአመጋገብ መዛባት (ከምግብና ከኪሎ ጋር በተያያዘ የአእምሮ ሕመም) ታማ የቆየች አትሌት ስትመለስ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ። ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ ቁጥሩ ደህና ነው ይባላል፣ በቃ፣ ነገ ልምምድ ነይ!

እኔ በዚህ አልስማማም። ኪሎ ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ሳህን ፊቷ ሲቀርብ የሚይዛት ፍርሃት ግን ከኪሎው በኋላም ወራት ይቆያል። አጥንትም ይዘገያል፤ አንዳንዴ የሳሳው እንደ ድሮው አይሆንም።

ልብን እንውሰድ። ብዙ የሚሮጥ ሰው ሲያርፍ የልብ ምቱ ዝቅ ይላል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ችግሩ፣ በምግብ እጦት የተጎዳ ልብም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ምቷ በደቂቃ 40 ሲሆን አሰልጣኙ «ብቃቷን አያችሁ?» ሊል ይችላል፣ ሐኪሙ ደግሞ ያንኑ ቁጥር አይቶ ሊደነግጥ ይችላል። ለመለየት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) መነሳት፣ ፖታሺየምና ፎስፌት የተባሉት የደም ማዕድናት መታየት፣ ከተኛችበት ስትነሳ ግፊቷና ምቷ ምን ያህል እንደሚቀያየር መለካት አለበት። በሩጫ ሰዓት የሚታወቅ ነገር አይደለም።

የወር አበባም እንዲሁ። ሲቀር ሰውነቷ ጉልበት እያጠረው ሊሆን ይችላል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን እየወሰደች በየወሩ የሚታየው ደም ግን ክኒኑ የሚያመጣው ስለሆነ መዳኗን አያረጋግጥም። (ወንዶችም ይታመማሉ። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞናቸው ይወርዳል፣ አጥንታቸው ይሰነጠቃል፣ ብቻ የሚጠይቃቸው ሰው የለም።)

ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን ከምግብ ማነስ የሚመጣ የሰውነት ጉልበት እጥረት እ.ኤ.አ. በ2014 ሬድስ (RED-S) ብሎ ሰየመው። በ2023 የተሻሻለው መመዘኛ አትሌቶችን እንደ አደጋቸው መጠን፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው፣ በአራት ቀለም ይመድባል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ቀይ ላይ ያለ ሰው አይሰለጥንም፣ አይወዳደርም። ደስ የሚለኝ፣ ቀለሙ ወደ ኋላም መሄዱ ነው። ትናንት ቢጫ የነበረች ዛሬ ወደ ብርቱካናማ ልትመለስ ትችላለች፣ ይህ ደግሞ ቅጣት አይደለም።

ስለዚህ ገና ሳትጀምር ነገሩ በወረቀት ይጻፍ። ምን ሲሆን ልምምዱ ይቆማል? ኪሎ ሲወርድ? ምግብ መዝለል ስትጀምር? የቴራፒ ቀጠሮ ስትቀር? እሷም፣ ሐኪሙም፣ አሰልጣኙም ይፈርሙ፤ ምክንያቱም ውድድር ሲቃረብ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ እሷም ጭምር። አጀማመሩ አጭርና ቀላል ይሁን፤ ከልምምድ በፊትም በኋላም ትብላ። ከሚዛን ይልቅ እኔ የማምነው ሌላ ፈተና አለ፦ የእረፍት ቀን ስጧት። ተረጋግታ ካረፈች ጥሩ ነው። ተደብቃ ሮጣ ከመጣች ግን ሩጫው ራሱ የሕመሙ አካል ነው፣ ገና ነች።

የምትመለስበት ቡድንስ? አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬን በ2019 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ቀርባ በቡድን ጓደኞቿ ፊት ትመዘን እንደነበር፣ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት እንደቀረ፣ አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ ተናግራለች። የታከመችን ልጅ እንዲህ ወዳለ ቦታ መልሶ መላክ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ሚዛኑ ከልምምድ ቦታ ይውጣ። ስለ ሰውነቷ አስተያየት ይቅር፣ ሙገሳም ቢሆን። «ሞላ ብለሻል፣ አምሮብሻል» የሚል ሰው ደግ ነገር የተናገረ ይመስለዋል፤ እሷ ግን ማታ እራት የምትተወው በዚያች ቃል ሊሆን ይችላል።

አሰልጣኙ ታዲያ ምን ይሥራ? ብዙ ሥራ አለው። ሳትሮጥም ከቡድኑ እንዳትርቅ ያድርግ። ትምጣ፣ ታሟሙቅ፣ ሰዓት ትያዝ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትሳቅ። ጭራሽ ላለመመለስ ከወሰነችም ያንን ያክብርላት። መቼ ትወዳደር የሚለውን ግን ለሕክምና ቡድኑ ይተው።

ይሄ እንዲሠራ ደግሞ ሐኪሙ ከአሰልጣኙ ሥር መሆን የለበትም። አትሌቷም «ገና አልደረስሽም» በተባለች ቁጥር ደመወዟ የሚቆም ከሆነ እውነቱን አትናገርም፤ ኮንትራቷ ላይ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ይግባ።